በወይራ የታጠነ ጠርሙስ

ልጄ ዜማ፣ ክብራን ገብርኤል በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ተቆጥቻለሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ክንዱ ላንቺ ብለው እስከ ቁንዝላ በሞተር ጀልባቸው ሄደው የሐይቁን ውኃ ቀዱልሽ። ትናንት ደውለሽ «ውኃው ውስጥ ጢስ ተገኘ፤ ያበላሸው የሳቸው ሞተር ነው» ስትዪ አጠገቤ ተቀምጠው ሰሙሽ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ጢሱ የኔ ነው! የላክሽውን ጠርሙስ አጥቤ በወይራ ያጠንሁት እኔ ነኝ። ለልጄ ያልታጠነ ዕቃ የምሰድ እናት ነኝ?

የሐይቁን ዳር ሣር፣ ደንገሉን አድቅቀሽ፣ የብረት ዝገት አልብሰሽ፣ ደንገሉን አቃጥለሽ ዝገቱን ብቻ አስቀርተሽ የሠራሽው ያ ስስ መሣሪያ ከሐይቅ ውስጥ አንዲት ጠብታ መርዝ ይለያል ብለሽኝ ነበር። እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን በታጠነ ቅል ወተት ጠጥተሽ ያደግሽ ልጅ፣ ጢስ ሲባል እንዴት እኔን አላሰብሽም? መሣሪያሽ ያወቀውን እጄን አንቺ ረሳሽው፤ ሳትጠይቂኝ ጎረቤት ከሰስሽ።

በይ፣ ዛሬውኑ ደውለሽ ጋሼ ክንዱን ይቅርታ ጠይቂያቸው። እግዜር ዕውቀትሽን ከማስተዋል ጋር ያድርግልሽ። ሌላ ጠርሙስም ላኪ፤ እንግዲህ የባዕድ ዕቃ ይመስል ሳላጥን እሞላልሻለሁ።

እናትሽ ሙሉነሽ