ጳጉሜን ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ያወጡት የወይዘሮ የሺመቤት ወልደማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የሺመቤት ወልደማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደማርያም ደንበል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ ሙርጋ፣ ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንደር በሐምሌ ወር 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም። እናታቸው «ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ያለን ጊዜ ነው» ብቻ ይሉ ስለነበር፣ ቅጽ ሲሞሉ ሐምሌ 15 ብለው ያስመዘግቡ ነበር። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ናቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከመንደራቸው ቡታጅራ ድረስ በእግር እየተመላለሱ ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቢያልፉም ከዚያ በላይ አልቀጠሉም። ምክንያቱን ሲጠየቁ «መንገዱ ደክሞኝ ነው» ይሉ ነበር እንጂ፣ እናታቸው ታመው ቤቱ በእሳቸው ትከሻ ላይ እንደወደቀ አያነሡም ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ቡታጅራ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተላላኪነት በወር ሃምሳ ብር ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. ለማስተማር ከጎጃም ተመድበው ከመጡት ከመምህር ያረጋል አለነ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። መምህር ያረጋል በመጀመሪያው ዓመት ቆጮ ለመብላት በጣም ይቸገሩ ነበር። ይሁን እንጂ ጤፍ የሚበቃው ወሩ ሃያ እስኪሞላ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከወይዘሮ የሺመቤት ወንድሞች ቤት በሚላክ ቆጮና በጓሮ ጎመን ይገፋል። መምህሩም ቆይተው ለመዱት። የሥራ ባልደረቦቻቸው አገራቸውን ሲጠይቋቸው «እስከ ሃያ ጎጃሜ ነኝ፣ ከሃያ በኋላ ጉራጌ ነኝ» እያሉ ያስቋቸው ነበር።

በትዳራቸው ቤዛን በ1979፣ ክርስቲያንን በ1983፣ ኪዱን በ1991 ዓ.ም. ወለዱ። በ1984 ዓ.ም. ሁለቱም ወደ ወልቂጤ ተዛውረው የወይዘሮ ባሂራን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ገቡ። ወይዘሮ ባሂራ በገበያ ቅመም ይነግዱ የነበሩ፣ ዛሬም በመካከላችን የሚገኙ፣ ከእኅት የማይለዩ ሰው ናቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት ከተጋቡ ጀምሮ የሚፈልጉት ነገር አንድ ነበር፤ የራሳቸው ደጅ። ሌላ ጌጥም ልብስም ሲመኙ የሰማ የለም። ለዚህም ሲሉ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ያለውን ጊዜ በራሳቸው መንገድ ይመሩት ነበር። መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ተከፍተው የሚጣሉ ፖስታዎችን አስፈቅደው ይወስዱና በእንፋሎት አላቀው፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው በዱቄት ሙጫ መልሰው ይለጥፏቸዋል። ደመወዝ በወጣ ዕለት የሁለቱም ገቢ አልጋ ላይ ይቀመጥና ኪራይ፣ ጤፍ፣ ትምህርት ቤት፣ እድር፣ መስቀል ተብሎ በየተጻፈበት ፖስታ ይገባል። ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው ማዛወር ክልክል ነበር። መምህር ያረጋል እንኳ ለጫማ ማስጠገኛ ከጤፉ ፖስታ ሲበደሩ ተገኝተው ለሁለት ቀን ተኮርፈዋል።

የመጨረሻው ፖስታ ጳጉሜ ይባል ነበር። ደመወዝተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ለጳጉሜ የሚከፈል ደመወዝ የለም። የነሐሴ ደመወዝ ከወጣ በኋላ የመስከረሙ እስኪደርስ ሠላሳ አምስት ቀን ይጠበቃል፤ በዚያ መካከል ደግሞ ዕንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና መስቀል አሉ። ሌላው ሰው ይህን ጊዜ በብድር ያልፈዋል። ወይዘሮ የሺመቤት ግን ጳጉሜን እንደ ማንኛውም ወር ሠላሳ ቀን አድርገው አሰቡት። በየወሩ ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ በዓመት አንድ ሙሉ የወር ወጪ ያስቀምጣሉ። ጳጉሜ ሲደርስ አምስቱን ቀን ይበሉበትና የሃያ አምስቱን ቀን ባንክ ያስገባሉ።

ይህን ለወይዘሮ ባሂራ ሲያስረዷቸው፣ ወይዘሮ ባሂራ «አላህ ይጨምርልሽ የሺ! አንቺ ጳጉሜን ወር አደረግሽው፣ እኔ ደግሞ ወሩን ሁሉ ጳጉሜ ሆኜ እኖራለሁ» ብለው ስቀው ነበር። ቤት ውስጥ ቁጠባ የሚል ቃል አይነገርም ነበር፤ ሁሉም ነገር ጳጉሜ ነው። ልጆቹ አዲስ ደብተር ወይም ኳስ ሲጠይቁ «ጳጉሜ አይነካም» ይባላሉ። ወይዘሮ የሺመቤት ቃሉን እስከ መጨረሻው «ፓጉሜ» ብለው ነበር የሚጽፉት። ኪዱ ፊደሉን ሊያርምላቸው ሲሞክር «አንተ ስታስተካክለው ብሩ ይጨምራል?» ብለውት ፖስታውን ተቀብለውታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኑሮ እየከበደ መጣ። ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለነበር አንዳንድ ዓመት ለጳጉሜ የተቀመጠው በሙሉ ለእሷ መጓጓዣና መጽሐፍ ወጥቷል። ወይዘሮ የሺመቤት በዚያ ተቆጭተው አያውቁም፤ በቀጣዩ መስከረም ባዶውን ፖስታ አራግፈው እንደገና ይጀምራሉ። ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ የሚቆዩበት ልማድ የጀመሩት በእነዚያ ዓመታት ነው።

በ2005 ዓ.ም. አንድ የቤት ማኅበር በከተማው ይቋቋም ነበር። መምህር ያረጋል ማስታወቂያውን አንብበው መጡና ቅድሚያ ክፍያው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ገቢ መሆን እንዳለበት ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ወይዘሮ የሺመቤት የጎደለውን አሰቡት። በየዓመቱ መስቀልን የሚያከብሩት አገር ቤት ወንድሞቻቸው ዘንድ ወርደው፣ ከሚታረደው በሬ የድርሻቸውን ከፍለው ነው። በዚያ ዓመት ግን «የእኔን መደብ ለሌላ ስጡት» ብለው ላኩ። ለእሳቸው ይህን ቃል ማውጣት ቀላል አልነበረም። የመስቀሉን ፖስታም ጨምረው ገንዘቡ ሞላ።

ሰኞ ጳጉሜ 4 ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊው ስማቸውን ቢፈልግ አጣው። «እናቴ፣ ምዝገባው እኮ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል» አላቸው።

«ዓመቱ ሊያልቅ ገና ዛሬን ጨምሮ ሁለት ቀን አለው» አሉት።

«የእኛ ዓመት ሰኔ ሠላሳ ነው የሚያልቀው። የበጀት ዓመት ነው።»

«ታዲያ ሐምሌንና ነሐሴን የት ጣላችኋቸው?» ብለው ጠየቁት። ጸሐፊው ወንበር አቀረበላቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት በየሰኔው የበጀት መዝጊያ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱ የኖሩ ሠራተኛ ነበሩ። ባለቤታቸውም መምህር ነበሩ። ሁለቱም የመንግሥትን ዓመት ያውቁታል፤ የቤታቸው ዓመት ግን የሚያልቀው በጳጉሜ ስለነበር ለመጠየቅ እንኳ አላሰቡም። መምህር ያረጋል ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ለብዙ ጊዜ አዘኑ። ወይዘሮ የሺመቤት አንድም ቀን አልወቀሷቸውም። የዚያን ዓመት መስቀል ወልቂጤ ዋሉ፤ ሥጋ አልተገዛም። ወይዘሮ ባሂራ ቅቤና አይብ አምጥተው፣ «በሥጋው አንገናኝም፣ በዚህ ግን ማንም አይለየንም» ብለው አብረዋቸው ተቀመጡ።

በቀጣዩ ዓመት የወይዘሮ ባሂራ ቤት ለመንገድ ሥራ ፈረሰና ቤተሰቡ ሌላ ቤት ተከራየ። መምህር ያረጋል እዚያ ታመው ታኅሣሥ 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። የግቢው በር ጠባብ ስለነበር አስከሬናቸው የወጣው የሌላ ተከራይ ዕቃ ተነሥቶ ነው። አከራዩ በሦስተኛው ቀን አዲስ ተከራይ እንደሚገባ ገልጸው ድንኳኑ እንዲነሣላቸው ጠየቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቤታቸው ነው። ድንኳኑ ሲፈታ ወይዘሮ የሺመቤት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «አባታችሁን ከሰው ደጅ አወጣሁት። እኔን ግን ከሰው ደጅ አታወጡኝም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት ብዙ አልተናገሩም።

ኪዱ ቀድሞ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ እንጨት ሥራ ገብቶ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት የትምህርት ቤት የሚለውን ፖስታ ሳይጥሉ ለዓመታት ባዶውን አስቀምጠውት ነበር፤ ተመልሶ እንዲማርም በየመስከረሙ ይጠይቁት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በከተማው ዳር መሠረቱ ብቻ የወጣለትን ቤት ከነቦታው ገዙ። ቤዛና ክርስቲያን ከየደመወዛቸው አገዙ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የሚያደክም ነበር። የቆርቆሮው ዋጋ ተጠይቆ ገንዘቡ እስኪሞላ ዋጋው ከፍ ይላል፤ እንደገና ሲሞላ እንደገና ከፍ ይላል። በአንድ ዓመት ጳጉሜ ለጣሪያ የታሰበው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት በርና ሁለት መስኮት ብቻ ገዛ። ወይዘሮ የሺመቤት ከሱቅ ሲመለሱ «ዛሬም ቆርቆሮው ቀደመኝ» ይሉ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በጡረታ ተሰናበቱ፤ በነሐሴ ወር ኮርኒስ ወዳልተመታለት፣ ግድግዳው ወዳልተለሰነ ሁለት ክፍል ቤታቸው ገቡ። በገቡበት ወር መጨረሻ የኪራይ የሚለውን ፖስታ ይዘው ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ሲያገላብጡት የልጅ ልጃቸው ናዝሬት አይታ ስቃባቸዋለች። በመጨረሻ ኮርኒስ ብለው ጻፉበት።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። በምርመራ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው እንደደከሙ ታወቀ። ቤዛ ወዳለችበት ወደ አዲስ አበባ ሄደው እጥበት ጀመሩ። እጥበቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጡረታ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ። ይህን የሚያስታርቅ ፖስታ አልተገኘም። ያስቀመጡት፣ የልጆቻቸው፣ እድሩና ቤተ ክርስቲያኑ ያዋጡት ገንዘብ ተጨምሮ አምስት ወር ሄደ።

በየካቲት ወር ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ተስማሙ። ወይዘሮ የሺመቤት በመጋቢት ለመድኃኔዓለም ክብረ በዓል ወልቂጤ መጥተው ሳለ ክርስቲያን ደላላ ይዞ መጣ። ደላላውን አስቀምጠው ውኃ አጠጡትና፣ «ልጄ ተሳስቶ ነው ያለፋህ። የሚሸጠው ቤት ይህ አይደለም፣ ወደ ታች ጠይቅ» ብለው ሸኙት። ቤዛ አልቅሳ፣ «እማዬ፣ ቤት ሌላ ጊዜ ይሠራል» አለቻቸው።

«ሌላ ጊዜ ያልሽው ሠላሳ ዓመቱን ነው?» አሏት። ጥቂት ዐርፈው ደግሞ፣ «ሸጣችሁ ብታድኑኝስ፣ ከሐኪም ቤት ወጥቼ የት ልገባ ነው?» አሉ። 

ወደ አዲስ አበባ አልተመለሱም። ልጆቻቸው ቃላቸውን ማክበራቸው ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ምናልባት መቼም አያውቁትም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቀን ቀን አልጋቸው በበሩ ፊት ይደረግላቸው ነበር። ወይዘሮ ባሂራ በባጃጅ እየመጡ አብረዋቸው ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ ባሂራ «ደከመሽ አይደል የሺ?» ሲሏቸው፣ «ደክሞኛል። ግን ቤቴ ውስጥ ነው የደከመኝ» ብለው መልሰውላቸዋል።

ወይዘሮ የሺመቤት ወልደማርያም ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ዛሬ ግንቦት 15 ቀን አስከሬናቸው ከገዛ ደጃቸው ወጥቶ፣ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ድንኳኑ የሚነሣው ቤተሰቡ በፈለገ ቀን ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት የሦስት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላገዙ፣ ለጠየቁና ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ለሸኙ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ወር በማይቆጠርበት፣ ደመወዝ በማይጠበቅበት ቤቱ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።