ለእግረኛ ዓምድ ያሰመሩት የእትዬ ጭረት የሕይወት ታሪክ

እትዬ ጭረት እያልን የኖርነው እናታችን፣ እህታችንና አያታችን በእህል መጋዘን መዛኝ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1940 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው ረጅም መንገድ ዳር ያለ፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። እናታቸው የስፌት መኪናውን ከመስኮቱ ሥር አስጠግተው ስለሚሠሩ፣ ሕፃኗ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው የአላፊ አግዳሚውን እግር ነው እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለዳል። አባታቸው እህል ሲመዝኑ ክርናቸው ሚዛኑን እንዳይነካ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚቆሙ፣ ሻጩም ገዢውም የሚያምናቸው ሰው ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በእግር የአርባ ደቂቃ መንገድ እየተመላለሱ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ያን ጊዜ መንገዱ ሌላ ነበር። በግራና በቀኝ ዛፍ ተተክሎበት ነበር፤ የእግረኛው መሄጃ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱበት እንኳ ለሽማግሌ መተላለፊያ ይተርፍ ነበር። ዛሬ በመካከላችን ያሉት ታላቅ ወንድማቸው ያንን ጊዜ ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። "ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለልን ነበር" ይላሉ። "ፀሐይ የነካው ተሸናፊ ነው። እሷ ግን ተሸንፋ አታውቅም፤ ጥላ ሲጠፋ ከሰው ጀርባ ትገባ ነበር።"

ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ የጽሕፈት ሥልጠና ወስደው በ1961 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው ተሽከርካሪ የሚቆጥረው ሠራተኛ ታሞ ቀረ። "አንቺ ቁጥር ትወጃለሽ ይሉሻል" ተብለው ሰሌዳና እርሳስ ተሰጣቸውና ወደ ጎዳና ወጡ። ለአንድ ሳምንት የተባለው ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። መስቀለኛው መንገድ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የቤት መኪና ሲያልፍ በአንዱ ዓምድ፣ አውቶቡስ ሲያልፍ በሌላው፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ በሦስተኛው አንድ ጭረት መጫር፤ አምስተኛው ሲመጣ አራቱን በአንድ መስመር አቋርጦ ማሰር። ምሳ ሲበሉ እንኳ ግራ እጃቸው በጠረጴዛው ላይ ይጭር ስለነበር የቢሮ ጓደኞቻቸው "ጭረት" የሚል ስም አወጡላቸው። ዕድሜ ሲጨመር "እትዬ" ተጨመረበት።

በዚያ ጥግ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንድም ቀን ሳያዛንፉ የሚያልፉ ባለ ብስክሌት ነበሩ። በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ የሚደረድሩ ፊደል ለቃሚ ናቸው፤ ጣቶቻቸው በቀለም የጠቆሩ፣ የሱሪያቸው አንድ እግር በልብስ መቆንጠጫ የተያዘ። አንድ ማለዳ ከብስክሌታቸው ወረዱና፣

"ይቅርታ እህቴ፣ እኔን የቱ ጋ ነው የሚጽፉኝ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ቅጹ ለብስክሌት ቦታ የለውም" አሏቸው።

"እነዚህስ?" አሉ ፊደል ለቃሚው፣ ዳር ዳሩን የሚተመውን እግረኛ እያመለከቱ።

"ለእነሱም የለውም።"

"ታዲያ ዛሬ በዚህ መንገድ እኔም አላለፍኩም፣ እነሱም አላለፉም ማለት ነዋ" ብለው ሥራ እንዳይረፍድባቸው ተፈትልከው ሄዱ።

እትዬ ጭረት ቀኑን ሙሉ ያ ነገር ሲከነክናቸው ዋለ። ቢሮ ተመልሰው ማስመሪያ አነሡ፤ በቅጹ ኅዳግ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመሩና በአንዱ አናት "እግረኛ"፣ በሌላው አናት "ብስክሌት" ብለው ጻፉ። በማግስቱ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሰሌዳቸውን ከፍ አድርገው ለፊደል ለቃሚው አሳዩአቸው። በብስክሌት ዓምድ ሥር አንዲት ጭረት ብቻ ነበረች። በ1964 ዓ.ም. ተጋቡ። ባለቤታቸው ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ "ተቆጥሬ ነው የተያዝኩት" ይሉ ነበር።

ከትዳራቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ጭረትን ብስክሌት ሊያስተምሩ ሦስት እሑድ ለፉ። በሦስተኛው እሑድ ከአበባ ሻጯ ባልዲዎች መሀል ከነብስክሌታቸው ተጎትተው ከወጡ በኋላ፣ "አንተ ንዳ፣ እኔ ልቁጠር" ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

በ1973 ዓ.ም. የጣቢያውን መንገድ ለማስፋት ታሰበ። ማስፋት ሲባል ግን ለመኪናው ነው፤ ዛፎቹ ሊቆረጡ፣ የእግረኛው መሄጃ ሊሸረፍ ነው። ለጥናቱ የቀረበው የእትዬ ጭረት ቆጠራ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ የማይበልጥ መኪናና ከዘጠኝ ሺህ በላይ እግረኛ ማለፉን ያሳይ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አስጠሯቸው።

"ይህን ዓምድ ማን አድርጊ አለሽ?"

"ማንም አላለኝም። ሲያልፉ አየኋቸው።"

"እግረኛ እኮ መንገድ አይቸግረውም፤ የትም ይሄዳል።"

"የትም የሚሄድ ከሆነማ እዚያው መንገድ ላይ ባላየሁት ነበር፣ ጌታዬ።"

ኃላፊው ቅጹን ወደ እርሳቸው ገፉት። ያለ እነዚያ ሁለት ዓምዶች ተገልብጦ፣ ተፈርሞ እንዲመጣ አዘዙ። እትዬ ጭረት ወንበራቸው ላይ ተመልሰው እንደ ታዘዙት ገለበጡት፤ የፊርማውን ቦታ ባዶ ትተው አስረከቡ። "መገልበጥ ታዝዣለሁ፤ ያየሁትን ግን አላየሁም ብዬ አልፈርምም" አሉ። ሌላ ሰው ፈረመ። በሳምንቱ እርሳቸው ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ሰሌዳውንና እርሳሱን አስረክበው፣ አቧራ በጠጣ ፋይል መካከል አንገታቸውን ደፍተው መሥራት ጀመሩ።

መንገዱ ሰፋ። ዛፎቹ በአንድ ሳምንት ተገነደሱ። የእግረኛው መሄጃ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይተሻሽ የማይተላለፍበት ሆነ፤ በዚያችው ላይ ደግሞ በየሃያ እርምጃው የመብራት ምሰሶ ተተከለባት። ምሰሶ ጋ የደረሰ ሰው ወደ መኪናው መንገድ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እንደገና መውጣት ነበረበት። በ1976 ዓ.ም. አማታቸው፣ እርሳቸው "እማዬ" እያሉ የሚጠሯቸው እናት፣ ከዳቦ ቤት ሲመለሱ እንደዚያው ምሰሶ ሊያልፉ ወረዱ። የጭነት መኪና በጎኑ ገጭቶ ጣላቸው። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በመስኮቱ በኩል መንገዱን እያዩ ኖሩ እንጂ አንድም ቀን በእግራቸው አልወጡበትም።

እትዬ ጭረት በቁጣቸው የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። ያን ሰሞን ግን የአማታቸውን እግር በሙቅ ውኃ ሲያጥቡ፣ "እኔ እኮ አልፈርምም ብዬ ዝም ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። መጮህ ነበረብኝ" ብለው ሲያለቅሱ ትልቋ ልጃቸው ሰምታለች። አማታቸው ጭንቅላታቸውን እየዳበሱ፣ "ተይ እንግዲህ፣ አንቺን ምሰሶ ትከይ ያለሽ የለም" ይሏቸው ነበር። ይህ አላጽናናቸውም።

በዚያው ወር ከገበያ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር ገዙ። ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ፣ ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት በርጩማቸውን አስቀምጠው መቁጠር ያዙ። ያዘዛቸው የለም፤ የሚረከባቸውም አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ መዝጊያውን እያነሣ፣ "እትዬ፣ ዛሬስ ስንት ሰው ሳይላጭ አለፈኝ?" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ክረምት ሲሆን ከሱቁ ደጃፍ ያስጠጋቸዋል። ባለቤታቸውም በአጠገባቸው ሲያልፉ ደወላቸውን አንድ ጊዜ ያቃጭላሉ።

በ1984 ዓ.ም. አንዲት ወጣት መሐንዲስ ወደ መንገድ ክፍሉ ተመደበች። መዝገብ ቤት ወርዳ ሁለት ቀን ስትፈልግ ዋለችና ተስፋ ቆርጣ፣ "እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ፋይል ውስጥ ስለ እግረኛ አንድ ገጽ እንኳ የለም?" አለቻቸው።

"እዚህ የለም" አሉ እትዬ ጭረት። "እቤቴ ግን አለ።"

በማግስቱ ሃያ ሦስት ደብተር በጨርቅ ቦርሳ ይዘው መጡ። መሐንዲሷ ምሳ ሳትበላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገላበጠቻቸው። ስንት ሰው በየምሰሶው ወደ አስፋልቱ እንደሚወርድ፣ ስንቱ ልጅ እንዳዘለ፣ ስንቱ በምርኩዝ እንደሚሄድ፣ ሁሉም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። መሐንዲሷ በደብተሮቹ መነሻነት ያቀደችው አዲስ የእግረኛ መንገድ ምን ያህል እንዲሰፋ የወሰኑት በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው፤ እትዬ ጭረትና መሐንዲሷ ዘንቢል አንጠልጥለው ጎን ለጎን እየሄዱ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ከፊት እየመጣች፣ ማንም ማንንም ሳይነካ የሚተላለፉበትን በጠመኔ አሰመሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ "እኔንም መሐንዲስ አደረጋችሁኝ" ብላ ስቃ አላባራችም።

ዕቅዱ የብስክሌት መንገድ ተጨምሮበት በ1985 ዓ.ም. ለሕዝብ ስብሰባ ሲቀርብ ባለ ሱቆቹ ተነሡበት። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። "የመኪና ማቆሚያችንን ወስዳችሁ ለብስክሌት ልትሰጡ? ደንበኞቼ በመኪና ነው የሚመጡት! ልጆቼን ምን ላበላ ነው?" አለ፤ አዳራሹ አጨበጨበለት። እትዬ ጭረት በሕዝብ ፊት ተናግረው አያውቁም ነበር። ተነሥተው ደብተር ገለጡ።

"ባለፈው ወር መጀመሪያ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ፈቃድ ወስጄ ቆጥሬ ነበር። ወደ ሱቅህ ስልሳ አንድ ሰው ገብቷል። በመኪና የመጡት አራት ናቸው" አሉ። ደብተሩን አጥፈው ጨመሩ፦ "ከአራቱ አንዱ ራስህ ነህ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱም መሳቅ ጀመረ። "ለካ በቆጠራው እኔም አለሁበት!" ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አልተቃወመም።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። ምሰሶዎቹ ተነቅለው ዳር ያዙ፤ የጠርዙ ድንጋይ በየማቋረጫው ዝቅ አለ፤ ችግኝ ተተከለ፤ በእግረኛውና በመኪናው መካከል ለብስክሌት ራሱን የቻለ መንገድ ተሠራ። በ1987 ዓ.ም. ሲከፈት ግን የብስክሌቱ መንገድ ጭር አለ። አንዱ ሽንኩርት ዘረጋበት፣ ሌላው ታክሲውን አቆመበት፤ "ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው?" የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ባለቤታቸው ከሥራ ፈቃድ ወስደው ከጣቢያው እስከ ገበያው አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። ላብ በላብ ሆነው ወደ በርጩማው መጡና በኩራት ደብተሩን አዩ። በብስክሌት ዓምድ የሌሎቹ ተደምሮ ሰባት ጭረት ብቻ ነበር።

"አሥራ አንድ ጊዜ አለፍኩ እኮ!" አሉ።

"አንድ ሰው ነህ" አሉ እትዬ ጭረት።

ፊደል ለቃሚው ለብዙ ዓመት "በዚህ አኩርፌያለሁ" እያሉ ቀልደዋል። በዓመቱ የብስክሌተኛው ቁጥር መቶ ሠላሳ ሲደርስ ግን አምባሻ ገዝተው ለቢሮው ሁሉ ያከፋፈሉት እርሳቸው ናቸው።

እትዬ ጭረት በ1995 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ሠላሳ አራት ዓመት ባገለገሉበት መሥሪያ ቤት የቆጠራ ቅጹ ዛሬ የሚታተመው ከነእግረኛና ከነብስክሌት ዓምዱ ነው። የጡረታ ዘመናቸውን የልጅ ልጆቻቸውን መንገድ አቋርጦ መሄድ በማስተማር፣ ችግኝ ሲደርቅ ለመሐንዲሷ ስልክ እየደወሉ በመነዝነዝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከባለቤታቸው ጋር በጥላው ሥር በመሄድ አሳለፉት። ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ብስክሌቱን ለማንም አልሰጡም። በየሳምንቱ ጎማውን ይነፉ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀናቸው "እንዳያዝን ነው" ብለውናል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ሕመም በቤታቸውና በሐኪም ቤት ሲረዱ ቆዩ። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ልጆቻቸው በመኪና ሊያዞሯቸው ቢለምኗቸው እንቢ አሉ። በሁለት ሴት ልጆቻቸው ተደግፈው ከደጃፋቸው እስከ መንገዱ ጥግ በእግራቸው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች በግራና በቀኝ እየሮጡ አለፏቸው፤ አንዱም አልነካቸውም። ሦስቱ ሴቶች ጎን ለጎን እንደ ቆሙ እትዬ ጭረት ወደ ኋላቸው ዞረው መንገዱን አዩና "ይበቃል፤ ሰፊ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ቤት እንዲመልሷቸው ጠየቁ።

ኅዳር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በከበቡት አልጋ ላይ በሰላም አረፉ። ታላቅ ወንድማቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጆቻቸውን ባለቤቶች፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ልጅ የሚያዩዋትን መሐንዲስ፣ እንዲሁም ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡትን አዛውንቱን ፀጉር አስተካካይ በኀዘን ትተዋል።

በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው፣ ዛሬም ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በማያልፍ ዕረፍት ይቀበልልን፤ ለእኛም የእርሳቸውን ትዕግሥትና የእርሳቸውን እውነት ያውርሰን። አሜን።