አፍ መያዣ ከረሜላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጠዋት ከግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ቀዳሁ፣ የካሳሁንን ሸሚዞች አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ከዚያ... ዩኒቨርሲቲ ገባሁ! በሃምሳ ሁለት ዓመቴ! ፈተና የለ፣ ዲግሪ የለ፣ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ። ትምህርቱ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ነው። በሩን ስከፍት ተማሪው ሁሉ ጸጥ! አስተማሪዋ መሰልኳቸው። አንዱማ ስልኩን ደበቀ። ዶክተር ቀናው ሲገባ ደግሞ እኔ ብቻዬን ብድግ... እንደ ድሮው። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዶክተር ቀናውን አራት ጊዜ አቋረጥኩት። አራት! ሲያልቅ ጠራኝ።
«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ የተፈቀደልዎት ለማድመጥ ነው። እንዲህ ከቀጠሉ በኅዳር መጨረሻ ፈቃድዎን አላድስም።»
ለካሳሁን ስነግረው በሳቅ ሞተ። «አንቺ? ዝም ልትዪ? በቃ ቀረ በይው!»
ባል ነው ይሄ?
ግን ከቀረሁስ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ክር ፋብሪካ ስገባ «ለጊዜው ነው» ብዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ለጊዜው... ይቺን ወንበርማ አልለቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25
መላ ተገኘ። ከረሜላ! አፍ ሥራ ከያዘ አያወራም። አጠገቤ የምትቀመጠው ቢፍቱ፣ የኮዬ ፈጬዋ ልጅ፣ ያመለጠኝን እንግሊዝኛ ሹክ ትለኛለች። እኔ ከረሜላ አካፍላታለሁ። ዛሬ እጄን ላወጣ ስል ጎሸም አደረገችኝ። «ማዘር፣ ከረሜላ!» ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ጉድ! ዶክተር የአቃቂን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራ። እኛ ሰፈር፣ በሰቃ አካባቢ፣ ቀያይ ነጥቦች። «እነዚህ በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ናቸው፣ ሁሉም ደርቀዋል» አለ። አንዷ ነጥብ የኛ ግቢ! አባዬ የቆፈረው! ዛሬ ጠዋት የቀዳሁበት! ሦስት ከረሜላ አንድ ላይ ጎረስኩ።
«ማዘር፣ ደህና ነሽ?»
ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩላት።
ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ጠብቄ ነገርኩት።
«ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አልነገሩኝም?»
«ከልክለውኝ!»
አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነው። «መጥተን እንየው?»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
መጡ! ዶክተርና ሃያ ሁለቱም ተማሪዎች፣ በአውቶቡስ። ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ረጅም ሜትር ጉድጓዱ ውስጥ ሰደዱ። ስምንት ሜትር ላይ ውሃ! ዶክተር ቀናው በወረቀት ይዞት የመጣው ካርታ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ በሰማያዊ እስክሪብቶ ደመቅ አድርጎ ቀባት። ከዚያ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ... ፈቃዴ። ታድሷል። አቤት ደስታዬ!
«በሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ይንገሩን። መቼ ተቆፈረ? በበጋ ምን ያህል ይወርዳል?»
ልጆቹ አንድ ላይ መንጫጫት። ቢፍቱ የከረሜላ ፌስታሌን ቀማችኝና ማደል ጀመረች። «ጉረሱ! ዛሬ አድማጮቹ እኛ ነን!»
ዶክተርም አንድ ወሰደ።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «አባዬ ይሄን ጉድጓድ ሲጀምር እኔ የሰባት ዓመት ልጅ...» ካሳሁን ከኋላ ሊያርመኝ አፉን ከፈተ።
ሁለት አጎረስኩት።