ወደ ሣር ቤቷ ያወጡኝ ሰሞን

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እንዴት ሰነበትሽ የሚባለው እዚያ ላሉት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ብቻ ልማድ አይለቅምና እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን ዝም ብለሽ አትቀበዪኝ፤ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

የሚያስቆጣሽን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ጀርባዬን ቀዶ ሕክምና ተደረግሁ። «እኔ ቆሜ ሳለሁ ቢላዋ አይነካሽም» ትዪ አልነበር? ቃልሽን አላፈረስሁም፤ ቆመሽ ሳለሽ አልነካኝም። ግን እየባሰብኝ ሄደ፣ እማዬ። ፍኖተ ሰላም የቢሮዬን ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ትንፋሼን እጠብቅ ነበር፤ ሰው ሲያልፍ ስልክ የማይ እመስላለሁ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ይዞ አሳየኝ። አከርካሪዬ ጎርፍ የበላው የእግር መንገድ ይመስላል። ጥምዝምዙ ሳንባሽን እየተጫነው ነው ብሎ ወደ አዲስ አበባ ጻፈልኝ። እዚያ ከትከሻዬ በታች እስከ ወገቤ ከፍተው፣ በግራና በቀኝ የብረት ዘንግ አስገብተው፣ ከአጥንቴ ጋር በቡሎን አሰሩት። አጥንቱ ቀስ እያለ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ይሆናል አሉኝ። እኔ መች አምኜ! ራጁን ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ያየሁት ብረቱን ሳይሆን ጥጉ ላይ የተጻፈውን ስም ነው፤ የሌላ ሰው እንዳይሆን ብዬ።

ይህን ጠባይ ከማን እንደወረስሁ ታውቂዋለሽ። ጎረቤት የሰጠችሽን ወተት ፊቷ ላይ የምታሸቺ አንቺ ነሽ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያልሽ አሳደግሽኝ፤ ይኸው አድጌልሻለሁ።

ቁመት ጨምሬያለሁ። ቀሚሶቼ ሁሉ አጠሩ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከፍ ያለችውን ትከሻዬን ሰው እንዳያይ በግራዬ በኩል ትሄጂ ነበር፤ ነጠላዬን በየእርምጃው ስታስተካክዪ ያንቺው መሬት ይጎተት ነበር። ወንዝ ስወርድ ደግሞ እንስራውን ባንዱ ጎን ብቻ ታሸክሚኝ ነበር፣ የጎበጠውን ይመልሰዋል ብለሽ። ወጌሻው በቅቤ እያሸ ሲያስጮኸኝ ውጭ ቆመሽ ከእኔ ብሰሽ ታለቅሻለሽ። ያ ሁሉ ድካምሽ ያላቃናውን ብረት አቃናው። ይህን ስጽፍ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

የመዳኑ ነገር ግን የዋዛ አይደለም። ከአልጋ መነሣትን እንደ ሕፃን እንደገና ተማርሁ፤ እንደ ግንድ በጎኔ እንከባለላለሁ፣ እግሬን አወርዳለሁ፣ በክንዴ ተደግፌ ቁጭ እላለሁ። ማጎንበስ ክልክል፣ ከባድ ማንሣት ክልክል። የወደቀ ማንኪያ ቢኖር ቆሜ አየዋለሁ እንጂ አላነሣውም። የጠባሳው ዳርና ዳር ደንዝዟል፤ ዝንብ ቢያርፍበት አላውቅም፣ ከሥሩ ግን የማልደርስበት ቦታ ያሳክከኛል። የሚደግፈኝ ሰው ስላስፈለገ ወንድሜ ይበልጣል ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ ወደ አንቺ ቤት ወሰደኝ። ከቡሬ ወዲህ ያለውን መንገድ በባጃጅ እንዴት እንዳለፍሁት አልነግርሽም፤ ሹፌሩ በየጉድጓዱ «ይቅርታ እናቴ» እያለ፣ ይበልጣል ከኋላ በሁለት እጁ ደግፎኝ ደረስን።

መጀመሪያ አንቺ የተኛሽበት ክፍል አስተኙኝ። የይበልጣል ሚስት የሻረግ ጫማዬን ታስርልኛለች፣ ጀርባዬን ታጥብልኛለች፤ ክፉ አይወጣትም። ትንሿ ልጃቸው ከጎኔ ተለጥፋ ትውላለች። እንዲህ ሆነን ግንቦት ተጋመሰና ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ።

ሰማዩ ሲጠቁር የሻረግ ሮጣ መጥታ ልጅቷን ከጭኔ ላይ ትነጥቃለች። ምነው ስላት፣ ልትታጠብ ነው ትለኛለች። ልጅ በየደመናው ይታጠባል? አንድ ቀን ይበልጣል መጥቶ አይኑን ከእኔ አሽሽቶ፣ «እታለም፣ ሣር ቤቷ ትሻልሻለች፤ ነፋሻ ናት» አለኝ። ጓሮ ያለችውን፣ ጥጃ የሚታሰርባትን! ጥጃውን አውጥተው፣ ጠርገው፣ አልጋዬን አስገቡ። ቆርቆሮውን ቤትሽን እየዞርሁ አየሁት፤ ከጥጃ ቀጥሎ ተራዬ ደረሰ አልሁ በሆዴ።

ከዚያ ዕቃ ማውጣት ተጀመረ። ማጭዱ ወጣ፣ መጥረቢያው ወጣ። ነጠላዬን የምሰቅልባት ምስማር ተነቅላ የእንጨት ችንካር ተተካ። ከሆስፒታል የመጣሁበት የብረት ምርኩዝ ጠፋና የወይራ ዱላ ተሰጠኝ። ስልክሽን አጥፊ፣ ባትሪው ይበላሻል አሉኝ። የንስሐ አባታችን ሲመጡ እንኳ የብረት መስቀላቸውን ውጭ ትተው በእንጨቱ አሳለሙኝ። ጎረቤት ሊጠይቀኝ መጥቶ ደመና ሲያይ ቡናውን ሳይጨርስ ይሄዳል። ሲንሾካሾኩ ቀና ካልሁ ዝም ይላሉ።

ምን ላስብ፣ እማዬ? አላገባሁ፣ አልወለድሁ፣ አሁን ደግሞ ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት አልልጥ። ከእናቴ ቤት ሊነቅሉኝ ነው፣ ደግሞ በዘዴ ነው፣ መጀመሪያ ከክፍሉ፣ ከዚያ ከግቢው አልሁ። የሻረግ የምታመጣልኝን ምግብ ሳይቀር አገላብጬ አይ ጀመር። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ፤ አንድ ያለኝ ወንድሜ ከጠላኝ ግን መዳኔ ለምን ይሆናል? ይህን እያሰብሁ ብዙ አለቀስሁ፤ ሳለቅስ ደግሞ ስፌቱ ይሰማኛል።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀትር በኋላ ሰማዩ ተደረመሰ። ዝናቡ ሣሩን ይደበድበዋል፣ መብረቁ ጓሮው ላይ የሚፈነዳ ይመስላል። እኔ ብቻዬን ተጋድሜያለሁ፤ ቶሎ ልነሣ ብል አልችልም። በሩ ተገፋና ይበልጣል ገባ። በስብሷል፣ ባዶ እግሩን ነው። ቀበቶውን እንኳ አውልቆ ሱሪውን በገመድ አስሯል። ከአልጋዬ ጫፍ ከጀርባዬ በኩል ተቀመጠና እጄን ያዘኝ። ነጎድጓዱ በመጣ ቁጥር የማርያምን ስም ይጠራል።

እኔም ከዚህ በላይ አልቻልሁም። ከቤት ልታወጡኝ ከሆነ እንደ ሰው ንገሩኝ አልሁት።

እሱም እንዲህ አለኝ፦ «ማን ማንን ያወጣል? ቤቱ ያንቺ አይደል እንዴ? ብረት መብረቅ ይጠራል፣ እታለም። አንቺ ደግሞ ውስጥሽ ብረት ነው። በዚያ ላይ ከቆርቆሮ ሥር እንዴት ላስተኛሽ?»

ማረሻ ተሸክሞ ከእርሻ ሲመለስ መብረቅ የጣለውን ጎረቤታችንን ታስታውሺዋለሽ። ይበልጣል ከኋላው ይሄድ ነበር፤ የሆነውን ሁሉ በዓይኑ አይቷል። ለካ ማጭዱም፣ ምስማሩም፣ ስልኩም፣ መስቀሉም በዚህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲመክር የከረመው እኔን እንዴት ከሰማይ እንደሚደብቁ ነው! ለእኔ አልነገሩኝም፣ እንዳልፈራ ብለው።

ሳቄ መጣ፤ መሳቅ ያመኛል፣ ግን ሳቅሁ። ብረቱ ሥጋ ውስጥ ነው፣ መብረቅ አይጠራም፣ ካላመንኸኝ ሐኪሙን ጠይቅ አልሁት። ደግሞስ ሣር ቤት መብረቅ ከወደቀበት እንደ ደመራ ነው የሚነደው አልሁት። ይህን አላሰቡትም ነበር። የብረቱን ግን አላመነኝም፤ እሱም ያንቺ ልጅ አይደል?

ታዲያ ከፈራህ እዚህ ምን አመጣህ ብዬ ጠየቅሁት።

«ብቻሽን ይምታሽ ብዬ ልቀመጥ?» አለኝ።

እማዬ፣ ይበልጣል ብረቱ መብረቅ እንደሚጠራ ያምናል። አምኖ ነው የመጣው። ዝናቡ እስኪያባራ እጄን አልለቀቀም። ዞር ብዬ ፊቱን ማየት አልቻልሁም፤ እንዳለቀሰ ግን እጠረጥራለሁ።

በማግስቱ ወደ ክፍልሽ መለሱኝ፤ የሻረግ ግን አሁንም ደመና ሲመጣ ልጅቷን ትወስዳታለች። እኔም እሷ ስትወጣ እንቁላሉን ጎድሎ እንደሆነ ብዬ እቆጥራለሁ። ጠባይ በቀዶ ሕክምና አይቃናም።

እማዬ፣ እኔ ባለሁበት ስምሽ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ነጠላዬን ባስተካከልሁ ቁጥር እጅሽን አስበዋለሁ። ሙት ዓመትሽ በክረምት ነው የሚውለው፤ ቀጥ ብዬ ቆሜ አስቀድስልሻለሁ። የዚያን ዕለት ሰማዩ ቢጠቁርም ይበልጣል ከጎኔ ይቆማል። ይህችን አንዲቷን አልጠረጥርም።

ልጅሽ