የእናታችን ጉትቻ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ባለቤትሽስ አሁንም ራዲዮኑን እስከ ጣሪያ ከፍቶ ነው የሚያንኮራፋው? እኔ ደህና ነኝ። ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል ያለኝ ሐኪም ተሳስቷል፤ የለካኝ የክሊኒኩን ደረጃ ማን እንዲህ አጣሞ እንደሠራው ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቄ እንደገባሁ ነው።

እንዳትጨነቂ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ፉሽያው ድኗል።

አበባው እንደ ጉትቻ ስለሚንጠለጠል እናታችን «ጉትቻዬ» የምትለው ያ ቁጥቋጦ፣ የድሮው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ከእኔ ግቢ በቀር የትም የለም። ለአዲሱ ቤትሽ ሥር የያዘ ቁራጭ እሰጥሻለሁ ያልኩሽም ከእሱ ነበር። ፉሽያ በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ጭራሮ ይመስላል። ያ ጭራሮ አይነካም፤ ሥሩን ከውርጭ የሚጋርደው እሱ ነው። የሚቆረጠው ብርዱ አልፎ ከመሬት አዲስ ቀንበጥ ብቅ ሲል ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አትክልት ቦታ ባይገባ ደስ ይለኛል።

ገባች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፤ ባለፈው ስትመጪ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ ሰላም ያለችሽ፣ ባሏ የሞተባት ሳቂታ ሴት። የአንድ ሕንፃ መሠረት ልመረምር ራቅ ብዬ ስሄድ የግቢዬን ቁልፍ ለእሷ ሰጥቼ ነበር። ስመለስ ጉትቻው የለም። እስከ መሬት ተቆርጦ፣ ቦታው ተጠርጎ፣ ጭራሮው በገመድ ታስሮ ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። «ለማገዶ ይሆንዎታል ብዬ ነው። ደርቆ ቆሞ ሳየው አሳዘነኝ» አለችኝ። ምን ምን እንዳልኳት አልጽፍልሽም፤ ታውቂኛለሽ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በሉ ኢንጂነር፣ እኔን ቆርጠው በእሱ ቦታ ይትከሉኝ» ብላኝ ወደ ቤቷ ገባች።

ውርጩ የከረረው ከዚያ በኋላ ነው። ተስፋዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ስተክለው አጥልቄ የግንዱን መነሻ አፈር ውስጥ ቀብሬዋለሁ። እሷ ደግሞ አመሻሽ ላይ ደረቅ ቅጠል በጆንያ እየተሸከመች መጥታ ታለብሰው ጀመር። አልከለከልኳትም፤ ሥራው ትክክል ነበር። ግን አላነጋገርኳትም።

ያነጋገርኳት በመቀሷ ምክንያት ነው። ለካ ቁጥቋጦውን የቆረጠችው በጨርቅ መቀሷ ኖሯል፤ ዶልዱሞ ጨርቁን ሲያኝክባት በመስኮት አየሁ። የተበላሸ መሣሪያ አይቼ ማለፍ አልችልም። ስዬ መለስኩላት። ስመልስላት ጠረጴዛዋ ሲወዛወዝ አየሁ፤ እሱን አስተካከልኩ። ከዚያ የመስኮቷ ማጠፊያ፣ ከዚያ የጣሪያዋ ፍሳሽ። የዚያ ቤት ጉድ ብዙ ነው፤ ብርዱ በእሱ አለቀ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝና እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ። ቅጠሉን ገለጥ አደረገች። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ቀንበጥ! «አየህ፣ እንዳንተ ቂመኛ አይደለም» አለችኝ። ተንበርክኬ አረጋገጥኩ። ስነሳ የጉልበቴን ጭቃ ያራገፈችው እሷ ናት።

ቀንበጡ ሲጠነክር ቁራጭ አወጣን። አበባ ያልያዘውን ጫፍ በጣት ርዝመት፣ ከአንጓው ሥር በስል ቢላ ትቆርጫለሽ፤ የታች ቅጠሉን ታነሺና አሸዋና ብስባሽ ቀላቅለሽ ማሰሮ ውስጥ ትተክያለሽ። ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳይነካው። እኛ የማርማላታ ብርጭቆ ደፋንበት። እሷ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን እያነሳች ታወራቸዋለች። ቁራጭ የሚያስፈልገው አየር እንጂ ወሬ አይደለም ብላት፣ «አየሩንም ከወሬው ጋር እየሰጠኋቸው ነው፤ አንተ ብቻ አትቆጣቸው» አለችኝ። ሁሉም ሥር ያዙ። እኔ የጻፍኩት ምልክት በውሃ ታጥቦ ጠፋ፤ እሷ በየማሰሮው አንገት ያሰረችው ክር አልጠፋም። ሰማያዊ ክር ያለው ያንቺ ነው።

ለቀሩት ቦታ ጠበበን። በጎረቤቴና በእኔ ግቢ መካከል ያለው ወሰን ጥላውም አፈሩም ተስማሚ ነው፤ አጥሩ ግን አየር ይከለክላል። ስለዚህ አጥሩን አነሳነው። ከሰው ጋር ግድግዳ እንኳ መጋራት አትችልም ትይኝ እንደነበር አልረሳሁም፤ ይህ ግን የአየር ጉዳይ ነው። ባለቤትሽ ሌላ ነገር ቢል አትስሚው።

እንግዲህ መጥተሽ ማሰሮሽን ውሰጂ። ስትተክይ አጥልቂ፤ ሲደርቅም ሞተ ብለሽ እንዳትነኪው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። የትከሻሽንና የወገብሽን ልክ ቶሎ ላኪላት፤ ባለቤትሽም ያንን የተጨማደደ ኮቱን ለብሶ እንዳይመጣ ብላለች። ለእኔ «የሙሽራ ነው» ብላ ሙሉ ልብስ ሰፍታልኛለች። የግራ እጅጌው ይረዝማል ብላት፣ «የሚያጥረው ክንድህ ነው» አለችኝ። ማታ ብቻዬን ሜትር አውጥቼ ለካሁት። እጅጌው ነው። ሜትሩን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፤ እንደዚያው እለብሰዋለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ አዲሱን ቤት የሳቅ ቤት ያድርግልሽ፤ ጉትቻውም በደጅሽ ያብብ።

ታናሽ ወንድምሽ