መልሼ የቀበርኩት ከሰል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዳልሱ፤

ለመሆኑ እንዴት ከረሙ፣ ጋሼ? ሳልዎ ለቀቅ አድርጎዎታል ወይስ አሁንም ከእንቅልፍዎ ያባንንዎታል? ጉልበትዎስ ደረጃ ይወጣል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ኢርምጋርድ ጤናቸው እንዴት ነው? ልጅዎ ሚራስ? ልጇስ አደገ? እኔ ደኅና ነኝ። ጆሮዬ ትንሽ ከብዷል፣ ጥርሴም እያለቀ ነው፤ የቀረው አካሌ ግን ያዘዝኩትን ይሠራል። ፊደሌ እንደሚያውቁት አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈልግምና ቀስ ብለው ያንብቡት።

በሚያዝያ በላኩልኝ ደብዳቤ፣ «እመጣለሁ፤ የታችኛዋን ክፍል እንዳትነካካብኝ። በከሰል እሳት ከሥሩ በሞቀ ወለል ላይ፣ በምድጃው በኩል ተኝቼ ጀርባዬን ማሞቅ እፈልጋለሁ» ብለውኝ ነበር። ሳልመልስልዎት ሰባት ወር አለፈ። አሁን እነግርዎታለሁ፤ ክፍሏ አለች፣ ከሰሉ ግን የለም። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልዎት።

የሠራንበት የከሰል ጉድጓድ በሰኔ ተዘጋ። ያንን ሰምተዋል። በጥቅምት ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። «ሰፈራችን እስከ 2050 የድንጋይ ከሰል ማቃጠል ያቆማል» ይላል። አሥራ አንዱም ቤት በፊርማ ፋንታ ማኅተሙን ካሳረፈበት በሰፈሩ መግቢያ ላይ የምስጋና ሰሌዳ ይተከላል ተባለ። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ወለል የሚፈልግም ካለ ወረፋ ይያዝ ተባለ። ሁሉም አተመ፤ ወረፋውን የያዘ ግን አልነበረም። እኔ ቀረሁ።

የሰፈራችን ተጠሪ የዳቦ ቤቷ ማልሱን ናት። ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «ጋሽ ማንሱ፣ ማኅተምዎን ያውጡት እንጂ፤ ለአንዲት ጠብታ ቀይ ቀለም ይሰስታሉ?» አለችኝ። «በዚያ ዓመት እኔ ዘጠና ዘጠኝ፣ አንቺ ዘጠና ስድስት ዓመታችን ነው። ከሰሉን የሚያቆመው ማን ነው፣ መቃብራችን?» አልኳት። «ታዲያ ምን ቸገረዎት? ያኔ የሚጠይቅዎት የለ» አለች። «የቸገረኝ እሱ ነው» አልኳት። ከእኔ ጋር ጉድጓድ የወረደው ፒልጉ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይሰማ ኖሯል። «ተይው፣ ይኼ ሰውዬ ሞት ራሱ ቢመጣ ቀኑ አልተመቸኝም ብሎ ይመልሰዋል» አለ። ሳቁብኝ። በሩን ዘጋሁ።

በቴሌቪዥን የአገር መሪዎች ተሰብስበው ሲፈራረሙ አያለሁ። ምድር ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ እንዳትሞቅ ነው አሉ። ቃል የገቡትን ሁሉ ቢፈጽሙት እንኳ አይበቃም የሚል የተማረ ሰውም ተናገረ። ፒልጉ፣ «አንድ ዲግሪ ተኩል ምን አላት? ሾርባ እንኳ አታሞቅ» ይላል። ረስቶት ነው። እርስዎ አይረሱትም፤ ከጀርባ ያለው የከሰል ግድግዳ በአንድ ዲግሪ፣ በሁለት ዲግሪ ሲሞቅ አለቃችን መሣሪያችንን ጥለን እንድንወጣ ያዝ ነበር፤ ውስጥ ለውስጥ እሳት ይዞታል ማለት ነውና። የጉድጓዱን ጣሪያ የሚደግፈው እንጨትም በሚቀጥለው ወር ይቀየራል የተባለበትን መተላለፊያ ያስታውሱታል። ሰዎቹ አልዋሹም፣ እንጨቱ በሚቀጥለው ወር መጣ። ጣሪያው ግን ቀጠሮ አያውቅም።

እኔም ከሰሉን ለምን እንደያዝኩት ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎ ብዬ ነው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ቡንሬ በየበዓሉ ክዳን ባለው ጎድጓዳ ሳሕን የእርስዎን ሩዝ አድርጋ፣ በምድጃው በኩል ከብርድ ልብሱ ሥር ትሸጉጠው ነበር፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሲገባ ትኩስ እንዲያገኝ። ካረፈችም በኋላ እሳቱ እንዳይጠፋ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ ከሰል ስቀይር ሦስት ዓመት ሆነኝ። እርስዎ «ለሚመጣው ዓመት» ይላሉ፤ እኔ «መጥተው ከሞቁ በኋላ አጠፋዋለሁ» እላለሁ። በማልሱን ወረቀት ላይ ስቆጣ ሰነበትኩና አንድ ጠዋት አመዱን ስጠርግ የእኔም ነገር ከዚያ ወረቀት እንደማይለይ ታየኝ። ደስ አላለኝም።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ በወረቀቱ ላይ 2050 የሚለውን ሰረዝኩት። ከጎኑ «የእኔ ቤት በዚህ ወር» ብዬ በእጄ ጽፌ አተምኩበት። ልጅቷ፣ «አባባ፣ ወረቀቱ ተበላሸ እኮ፣ እንደገና ሊጻፍ ነው» አለች። «ይጻፍ፤ ያንንም እሰርዘዋለሁ» አልኳት። ማልሱን ሁለት ቀን ሰላም አላለችኝም።

ከዚያ ያከማቸሁት ከሰል ነበር፤ እነዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ክብ ጡቦች፣ መቶ ሰማንያ። ፒልጉ፣ «ለእኔ ስጠኝ» አለ። ብሰጠው ጭሱ ከእኔ ጭስ ማውጫ ቀርቶ ከእሱ ይወጣል። ምን አተረፍኩ? ስድስት ስድስቱን በእንጨት መሸከሚያ አዝዬ፣ ከጉድጓዱ የወጣው ጥቁር አፈር ከተከመረበት ግርጌ ቆፍሬ ቀበርኩት። ከዚያው አውጥቼው የለ? ሰፈሩ አበደ አለኝ። ፒልጉማ፣ «ማቅ ልበስለት እንጂ፣ እንዲህ ባዶውን ይቀበራል?» እያለ ከኋላዬ ይከተለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን አካፋ ይዞ መጣ። «ጉድጓድህ ጠማማ ነው» አለና መቆፈር ጀመረ። የራሱን ምድጃ አላጠፋም፣ አላጠፋምም ይላል። «መብራቱስ ከየት የሚመጣ መሰለህ? ባሕር ዳር ካለው የከሰል ማመንጫ ነው» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። በጎመኑ እርሻ አናት የሚዞሩት የነፋስ መዘውሮች ገና ሁሉን አይችሉም። እኔ ግን የነፋሱን ሥራ አልሠራም፤ የእኔን ነው የሠራሁት። ማልሱን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ለኤሌክትሪኩ ወለል ወረፋ ይዛለች።

የኤሌክትሪኩ ወለል ከገባ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው። በአንድ ሰዓት ይሞቃል። እኩል ነው የሚሞቀው፤ ከዳር እስከ ዳር። በምድጃው በኩል የሚባል፣ ለታላቅ የሚለቀቅ ቦታ የለም። እርስዎ የሚሹት ያ ጎን ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይገኝም። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ግን መንገር ግዴታዬ ነው።

ጋሼ፣ በ1974 ባሕር ማዶ ለከሰል ጉድጓድ ሥራ ሲሄዱ ውሉ የሦስት ዓመት ነበር። አልወቅስዎትም፤ ትዳር አለ፣ ልጅ አለ፣ ሥራ አለ። ቡንሬ ግን እስከ መጨረሻዋ «ለበዓሉ ይደርሳሉ» እንዳለች ነው ያለፈችው። አሁን የምጠይቅዎት ከራሴ የጠየቅሁትን ነው። የጨረቃው አዲስ ዓመት ሳይደርስ ቀን ይጻፉልኝ፤ ወሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑን። የማይመጡም ከሆነ «አልመጣም» ብለው ይጻፉ፤ አልቀየምም። የፒልጉ ቤት ከሥሩ ያለው መሬት እየሰመጠ ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ክፍሏን ለእሱ እሰጣታለሁ፤ እያጉረመረመም ቢሆን ይገባባታል።

ለወይዘሮ ኢርምጋርድ የላኩልኝን የሱፍ ካልሲ እያደረግሁት መሆኑን ይንገሩልኝ። ሚራን በስሟ ጠርተው ይሳሙልኝ። ልጇን ቲልማንን የአያትህ ወንድም ገና ሲሸከም ይውላል ይበሉልኝ። ማልሱን ሰላም ብላለች። ፒልጉም ሰላም ብሏል፤ ቀጥሎም «አይመጣም» ብሏል። መልሱ የእርስዎ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ
ኖ ማንሱ
ቴቤክ፣ ላይኛው ሰፈር
በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ በሦስተኛው ቀን፣ 2024