የአያቴ ስም አንጁሎ ነው

ልጄ ሔለን፣ እንጦጦ ማርያም ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም አዲሱ ገበያ ድረስ ስሄድ አያስቸግረኝም። አንቺ ብቻ ያለ ካፖርት አትውጪ።

አጎትሽ ዓምሃ፣ አያታችን በባርነት ጥጥ ሲለቅም ወደኖረበት ቆላ ሄዶ ነበር። ለካ አያታችንን ጥጋቡ የምንልበት ስም ጌታው ያወጣለት ኖሯል! እናቱ ያወጣችለት አንጁሎ መሆኑን፣ አብሮት የተሸጠ የአንድ ሰው የልጅ ልጅ ነገረው።

እኔም ወዲያው የአያቴን ስም በመዝገቡ እንዲያስተካክልልኝ ወደ ዕድራችን ጸሐፊ ሄድኩ። «በዚህ ዕድሜዎ ምን ይጠቅምዎታል?» ቢለኝ፣ «አንተ ብቻ ጻፍ» አልኩት። እሁድ ስም ሲጠራ «መሰለች አክሊሉ አንጁሎ» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ «አቤት!» አልኩ።

አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። ስትደውዪ ግን፣ እማዬ ከማለትሽ በፊት አንዴ በሙሉ ስሜ ጥሪኝ። አቤት ማለቱ ጥሞኛል።